ዕድሜ ሲገፋ ጥርስን ማቆየት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አዛውንቶች ደረጃ በደረጃ

«በየቀኑ እፍቃለሁ፣ ጥርሴ ግን እየወለቀ አለቀ» የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ሐሰት አይናገሩም፤ በእርግጥ ይፍቃሉ። የሚፈቁት ግን ሰው የሚያየውን የፊቱን ጥርስ ነው። በሽታው የሚጀምረው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ በተለይ በመንጋጋ በኩል ነው። እዚያ ሲነካ ይደማል። ሲደማ ሰው ይፈራና ያን ቦታ መንካት ይተዋል። ቆሻሻው ይከማቻል፣ ይደነድናል፣ ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል። ከዚያ «እርጅና ነው» ይባላል።

እርጅና ብቻውን ጥርስ አይነቅልም። በዕድሜ የሚለወጠው ሌላ ነው፦ ድድ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ይገለጣል፣ ሥሩ ደግሞ እንደ ጥርሱ አናት ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው ቶሎ ይቦረቦራል። ስለዚህ በ30 ዓመት ዕድሜ የበቃው አቦራረሽ በ65 ዓመት አይበቃም። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሥሩት። ጊዜ ካጠረዎት ደረጃ 3ን ብቻ በደንብ ያንብቡ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ አፍዎን በብርሃን ይመርምሩ

ጠዋት በር ወይም መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። መስታወት ይያዙ። ዐይንዎ ከደከመ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ በስልክ ባትሪ ያብሩልዎ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት ያውልቁት። ከዚያ እነዚህን ይፈልጉ፦

• ያበጠ፣ ሲነካ የሚደማ፣ ሲጫኑት መግል የሚያወጣ ድድ። በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ድድ በሽታ አይደለም። ድድዎን የተነቀሱ እናቶች ደግሞ መቅላቱ ከንቅሳቱ ሥር ተደብቆ ላይታይዎ ስለሚችል እብጠቱንና መድማቱን ይከታተሉ።
• «የረዘመ» የሚመስል ጥርስ። አልረዘመም፤ ድዱ ሸሽቶ ሥሩ ነው የወጣው። ሥሩ ላይ ቡናማ ወይም ለስለስ ያለ ቦታ ካለ መቦርቦር ጀምሯል።
• በጣት ሲገፉት የሚነቃነቅ ጥርስ።
• በምላስ ጎን፣ ከምላስ ሥር ወይም በጉንጭ ውስጥ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ወይም ቁስል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካገኙ፣ ባያምዎትም እንኳ ሆስፒታል ይሂዱ። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። በተለይ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ትምባሆ የሚይዙ ወይም አረቄ የሚያዘወትሩ ከሆነ አይዘግዩ።

ይህን ምርመራ በወር አንዴ ይድገሙት።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ያዘጋጁ

ብሩሽ። «ለስላሳ» ወይም «ሶፍት» የተባለውን፣ ጭንቅላቱ አነስ ያለውን ይግዙ። ጠንካራው «ደህና ያጸዳል» ይባላል፤ የተገለጠውን የጥርስ ሥር ግን እየፋቀ ይጨርሰዋል። በየ3 ወሩ ይቀይሩት፤ ጸጉሩ ወደ ጎን ከተንጋደደ ግን 3 ወር አይጠብቁ።

የጥርስ ሳሙና። ቱቦው ላይ ፍሎራይድ (ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው ንጥረ ነገር) መኖሩን ያረጋግጡ። ለአዋቂ የሚፈለገው መጠን ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መለኪያ) ነው፤ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በስተጀርባ በደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ የሚያነብልዎ ሰው ይጠይቁ። ከሰል፣ አመድና ደረቅ ጨው ጥርሱን ይሞርዱታል እንጂ ከመቦርቦር አይከላከሉትም።

መያዣ። ጣትዎን ቁርጥማት ከያዘው ቀጭኑን የብሩሽ እጀታ መጨበጥ ያስቸግርዎታል። የአሮጌ ብስክሌት ካለመዳሪያ ቁራጭ ወይም ጨርቅ ጠቅልለው በፕላስተር ያስሩበት። ርጥብ ጨርቅ ስለሚሸት በየሳምንቱ ይቀይሩት።

ለብ ያለ ውኃ። የደሴ የጠዋት ውኃ ድድ የሸሸበትን ጥርስ ያንዘፈዝፋል፤ ብዙ ሰው መቦረሽ የሚተወውም በዚህ ነው። ለቡና ወይም ለመታጠቢያ ከሚሞቀው ላይ አንድ ኩባያ ያስተርፉ።

መፋቂያ ለለመደ። የወይራ መፋቂያም ሆነ ሚስዋክ በአግባቡ ከተያዘ ይጠቅማል፤ ጣሉት አልልም። ጫፉን አኝከው እንደ ብሩሽ ያለስልሱት፤ የደረቀውንና የሰለለውን በየቀኑ ቆርጠው አዲስ ያውጡ፤ ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ ይሳቡት እንጂ ወደ ጎን እንደ መጋዝ አያመላልሱት። ፍሎራይድ ስለሌለውና የመንጋጋን ውስጠኛ ጎን ስለማይደርስ ግን የማታውን ብሩሽ አይተካም።

ደረጃ 3፦ አቦራረሹ

በቀን 2 ጊዜ፣ እያንዳንዱን ጊዜ ቢያንስ 2 ደቂቃ። ከሁለቱ አንዱ ሊቀርብዎ ግድ ከሆነ የማታው አይቅር፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ መከላከያ ያጣል።

1. በለብታ ውኃ ተጉመጥምጠው ትርፍራፊውን ይትፉ።

2. አተር የምታህል ሳሙና ብሩሹ ላይ ያድርጉ። በዝቶ አፍ የሞላ አረፋ ቶሎ እንዲተፉ ያደርግዎታል፤ ሥራውም በግማሽ ይቋረጣል።

3. ብሩሹን በቡጢ አይጨብጡ፤ በጣት ጫፍ፣ እንደ እስክሪብቶ ይያዙት። በቡጢ የተያዘ ብሩሽ ሳይታወቅ ይጫናል።

4. አፍዎን በግማሽ ይዝጉ። ብዙ ሰው ወደ መንጋጋው ለመድረስ አፉን በሰፊው ይከፍታል፤ ያኔ ጉንጩ ተወጥሮ ከጥርሱ ጋር ይጣበቅና ብሩሹን አላስገባ ይላል። በግማሽ ሲዘጉት ጉንጩ ይላላል፣ ብሩሹም እስከ መጨረሻው መንጋጋ ይገባል።

5. ከላይኛው መንጋጋ ከመጨረሻው ጥርስ፣ ከውጪው ጎን ይጀምሩ። ከከባዱ ቦታ የምንጀምረው ክንድዎ ሳይደክም ነው።

6. የብሩሹ ጸጉር ግማሹ በድዱ ጠርዝ፣ ግማሹ በጥርሱ ላይ እንዲያርፍ ወደ ድዱ ዘንበል ያድርጉት። እዚያው ሳይለቁ በትንሹ 10 ጊዜ ያንቀጥቅጡት። ከዚያ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ጠረግ ያድርጉ። ሁለት ሁለት ጥርስ እያደረጉ ይለፉ።

7. የላዩን ውጪ ከጨረሱ የላዩን ውስጥ፣ ቀጥሎ የታቹን ውጪ፣ ከዚያ የታቹን ውስጥ ይሥሩ። የሚያኝኩበትን ገጽ መጨረሻ ላይ ይፈግፍጉ።

8. የታችኛው የፊት ጥርስ ውስጠኛ ጎን ላይ ሲደርሱ ብሩሹን ቀጥ አድርገው ያቁሙትና በጫፉ ይሥሩ። የምራቅ ዕጢ ቱቦ የሚከፈተው ከዚያው ከምላስ ሥር ስለሆነ ቆሻሻው ከሌላው ቦታ ቀድሞ እዚያ ይደነድናል። በምላስዎ ሲነኩት ሸካራ፣ ግድግዳ የመሰለ ነገር ካለ የጥርስ ድንጋይ ነው።

9. ጎረቤቱ የተነቀለ ብቸኛ ጥርስ ካለዎት ዙሪያውን በአራቱም ጎን ይቦርሹት። ሰው የሚረሳው ወደ ክፍተቱ የዞረውን ጎን ነው።

10. ምላስዎን ከኋላ ወደ ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥረጉ።

11. ይትፉ፤ በውኃ ግን አይጉመጥመጡ። ቀሪው ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ መቆየት አለበት። ልማድዎ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ይከብድዎታል፤ ጣዕሙን ቀስ እያሉ ይለምዱታል። ለ30 ደቂቃ ምንም አይብሉ፣ አይጠጡ።

በጥርስ መሐል። ብሩሽ መሐሉን አይደርስም። ጥርስዎ የተጠጋጋ ከሆነ የጥርስ ክር፣ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ለዚሁ የተሠራ ቀጭን የመሐል ብሩሽ ማታ ማታ ይጠቀሙ። ስቴኪኒ ለተሰካ ሥጋ ብቻ ነው፤ ድዱን ከወጋ ክፍተቱን ያሰፋዋል። መርፌና የክብሪት እንጨትማ ጨርሶ አይሞከርም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ድዱ ደማ። አያቁሙ። የደማው የቆሸሸው ቦታ ነው። እጅዎን አለስልሰው በየቀኑ ከቀጠሉ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም 2 ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ ድንጋይ አለ ማለት ነው፤ ድንጋይን ደግሞ የትኛውም ብሩሽ አያነሳውም፤ በጥርስ ሐኪም ማሳጠብ ያስፈልጋል።

«ካሳጠብኩ በኋላ ጥርሴ ተነቃነቀ»። ይህን ሰምተው ስንቶች ከሕክምና ቀርተዋል። እጥበት ጥርስ አያላላም። ጥርሱን ያላላው ከድዱ ሥር አጥንቱን ሲያስበላ የኖረው ቆሻሻ ነው፤ ድንጋዩ ጥርሶቹን አያይዞ ስለያዛቸው ግን ልልነታቸው አልታወቀም ነበር። ድንጋዩ ሲነሳና የድዱ እብጠት ሲወርድ ክፍተት ይታያል፣ ቀዝቃዛ ነገርም ለጥቂት ቀናት ያንዘፈዝፋል። በለብታ ውኃ መቦረሽዎን ይቀጥሉ። ድዱ ሲድን ብዙ ጥርስ እንደገና ጠንከር ይላል።

አቅለሸለሸዎት። አነስተኛ ብሩሽ ይጠቀሙ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ አንገትዎን ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ። ጠዋት የሚብስብዎ ከሆነ ዋናውን ሥራ ወደ ማታ ያዙሩት።

ደረጃ 4፦ የሚወስዱትን መድኃኒት ከአፍዎ ጋር ያያይዙ

የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይሰብስቡና የሚከተሉትን ያስተውሉ።

አፍ የሚያደርቁ፦ አሚትሪፕቲሊን፣ የአለርጂ መድኃኒቶች እንደ ክሎርፌኒራሚን፣ ሽንት የሚያሸኑ እንደ ፉሮሴማይድ። ምራቅ ሲያጥር ጥርስ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥሩ ላይ ሊቦረቦር ይችላል።

ድድ የሚያሳብጡ፦ ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፈዲፒንና አምሎዲፒን በአንዳንድ ሰው ላይ ድዱ ጥርሱን እስኪሸፍን ያሳድጉታል።

ደም የሚያቀጥኑ፦ አስፒሪንና ዋርፋሪን። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ሐኪሙ የግድ ማወቅ አለበት።

ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ እንደ አሌንድሮኔት ያሉትንም ይናገሩ፤ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ሊያደርጉ ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዱንም በራስዎ አያቋርጡ። የደም ግፊት መድኃኒት አቋርጦ ጥርስ ማዳን የለም። ላዘዘልዎ ሐኪም «አፌ ደረቀ» ወይም «ድዴ አደገ» ይበሉ፤ ሊቀይረው ይችላል።

አፍዎ ከደረቀ ውኃ በየጊዜው ጎንጨት ይበሉ፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ደግሞ ይጨምሩ። ስኳር የሌለው ማስቲካ ምራቅ ያመነጫል። ከረሜላ መምጠጥ ግን በደረቀ አፍ ውስጥ ጥርስን ለመጨረስ ፍጥነቱ ተወዳዳሪ የለውም።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ድድና ስኳር አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። የደም ስኳርዎ ያለ ምክንያት አልወርድ ካለ ድድዎን ያስመርምሩ።

ደረጃ 5፦ ቡናውን፣ ቆሎውንና ጫቱን ያስተካክሉ

ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የድግግሞሹ ብዛት ነው። ስኳር አፍ በገባ ቁጥር ጥርስ ለግማሽ ሰዓት ያህል በአሲድ ይጠቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ በስኳር ሲጠጡ፣ ከዚያ ሻይ ሲደገም፣ ጥርሱ ቀኑን ሙሉ ዕረፍት አያገኝም።

• ስኳር በአንዱ ዙር ብቻ ይሁን፤ የቀሩትን ባዶውን ይጠጡ። በጨው የሚጠጡ ጥርስዎን አይጎዱም፤ ግፊት ካለብዎ ግን ጨውንም ይተዉት።
• ጣፋጩን ከምግብ ጋር አብረው ይጨርሱት፤ በመሐል በመሐል አይቅመሱ። ቡናው ካለቀ በኋላ ውኃ ይጉመጥመጡ።
• ያልፈካ ቆሎ የተሞላንና ያረጀን ጥርስ ይሰነጥቃል። ንፍሮ ወይም በሶ ይተኩበት። ቆሎውን ካልተዉት ጠጠሩን ያስለቅሙ።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ፣ ብተዉ ለአፍዎም ለደም ግፊትዎም የተሻለ ነው። ካልተዉት ደግሞ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁት፦ ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ መያዙ፣ አፍ ማድረቁ፣ ከስኳርና ከለስላሳ ጋር መወሰዱ፣ በመጨረሻም አምሽተው ሳይቦርሹ መተኛትዎ። ለስላሳውን በውኃ ይተኩ። ጉንጭ ውስጥ አያሳድሩት። የሚይዙበትን ጎን በወርሃዊው ምርመራ ላይ ለብቻው ይመልከቱ።

በጾም ጊዜ

ረመዳን ላይ ከሱሁር በኋላ፣ ፈጅር ሳይገባ ይቦርሹ፤ ከኢፍጣር በኋላ ደግሞ ከመተኛትዎ በፊት። ተምር ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ ወዲያው ውኃ ይጠጡበት። ቀን ላይ ሚስዋክ ይበቃል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ክርስቲያኖች ማታ በደንብ የቦረሹት ቀኑን ይሸፍንልዎታል።

ደረጃ 6፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት

1. ማታ ያውልቁት። ድዱ አየር ካላገኘ ይቀላል፣ ፈንገስም ያወጣል።
2. ሳህን ላይ ውኃ ሞልተው ወይም ፎጣ ዘርግተው ከላዩ ላይ ይጠቡት። ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ለሁለት ይከፈላል።
3. በለስላሳ ብሩሽና በእጅ ሳሙና ይጠቡት። የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይደበቃል።
4. በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት። ከደረቀ ይጣመማል፤ የፈላ ውኃም ያጣምመዋል።
5. ሳያስገቡት በፊት ድድዎን፣ ላንቃዎንና ምላስዎን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ።

ካቆሰለዎት በቢላ ወይም በሞረድ አይሞርዱት። አውልቀው ያሳርፉት፤ ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ባለው ቀን ግን ያድርጉት፤ የሚነካውን ቦታ በምልክቱ ያገኘዋል። ከላላ ማጣበቂያ አያብዙ፤ መንጋጋዎ ቅርጹን ስለቀየረ እንዲያስተካክሉልዎ ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ሲያምዎትና ሕክምና ሲሄዱ

ቤት ውስጥ፦ ለብ ያለ ውኃ አንድ ብርጭቆ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ይጉመጥመጡ። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙን 1 ወይም 2 ፍሬ በ6 ሰዓት ልዩነት ይውሰዱ፤ በ24 ሰዓት ከ6 ፍሬ አይለፉ፤ የጉበት ሕመም ካለብዎ መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ላለበት አዛውንት አደገኛ ናቸው።

አያድርጉ፦ አስፒሪን፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ጥርሱ ላይ አያስቀምጡ፤ ድዱን ያቃጥሉታል። አሞክሲሲሊን ራስዎ ገዝተው አይዋጡ፤ እብጠቱ ሊወርድ ይችላል፣ የበሰበሰው ጥርስ ግን እዚያው ነው፤ ተመልሶ ይነሳል። «ከጥርስህ ትል አወጣለሁ» የሚልዎትን አይጠጉ፤ ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ያልተቀቀለ መንቀያ ደግሞ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አፋጣኝ፦ እብጠቱ ወደ ዐይን ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪፈር ከተባሉም የሐረጎን ዳገት ለነገ አያሳድሩት።

ሲሄዱ ይያዙ፦ የመድኃኒቱን ፌስታል፣ የግፊትና የስኳር ካርድዎን፣ የጤና መድህን ደብተርዎን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ መጀመሪያ በጤና ጣቢያዎ በኩል ይለፉ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ደሴ ሆስፒታል ከደረሱ ወጪው በራስዎ ሊሆን ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድህኑ አይሸፈንም። ቁርስ በልተው ይሂዱ፤ የስኳር መድኃኒት ወስደው በባዶ ሆድ ወረፋ መጠበቅ አደጋ አለው። ሐኪሙ ይነቀል ሲልዎ «መሞላት ወይም የነርቭ ሕክምና አይቻልም ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ከተነቀለ በኋላ፦

1. ጎዙን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነክሰው ይያዙ፤ በየደቂቃው እያወጡ አይዩት።
2. ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ ደጋግመው አይትፉ፣ ትኩስ ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ጫት አይቃሙ። የረጋው ደም ከተነሳ ቁስሉ ይገለጣል።
3. በሁለተኛው ቀን ከምግብ በኋላ በጨው ውኃ ለስለስ አድርገው ይጉመጥመጡ።

እንደገና ከደማ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ለ30 ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱ። ካልቆመ ይመለሱ። ሕመሙ ቀንሶ በ3ኛው ቀን ገደማ ወደ ጆሮ እየወጋ ከባሰም ይመለሱ፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ቁስሉ ተገልጦ ነው፣ መድኃኒት አለው።

ደረጃ 8፦ ራሱን ለማይችል ወላጅ፣ ለልጆች

አልጋ ላይ የዋለ አባት ወይም እናት ካላችሁ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ከቆሸሸ አፍ ወደ ሳንባ የሚወርድ ነገር በደካማ ሰው ላይ የሳንባ ምች ያስከትላል።

1. ቀና አድርጋችሁ በትራስ ደግፏቸው። ቀና ማለት ካልቻሉ በጎናቸው አስተኟቸው። በጀርባ ተኝተው አፋቸው ውስጥ ውኃ አታድርጉ።
2. ምን እንደምትሠሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቁ።
3. ሩዝ የምታህል ሳሙና ብቻ ተጠቀሙ። በደረጃ 3 ቅደም ተከተል ቦርሹ፤ አረፋውን በርጥብ ጎዝ ጥረጉ።
4. ጣታችሁን በጥርስ መሐል አታስገቡ፤ ሳያስቡት ይነክሳሉ። ጉንጩን በሁለተኛ ብሩሽ እጀታ ገለል አድርጉ።
5. ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቡ።

እምቢ ካሉ አትታገሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ሞክሩ፤ ወይም ብሩሹን በእጃቸው አስይዛችሁ እጃቸውን ከላይ ምሩ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምግብ መብላት በድንገት ሲያቆሙ ወይም አንድ ጉንጫቸውን ደጋግመው ሲይዙ አፋቸውን ፈትሹ፤ «አመመኝ» ብለው መናገር ላይችሉ ይችላሉ።